ጅቡ ሳይሄድ ጩኹ
ግልጽ ደብዳቤ ለቢዝነስ ዜና አዘጋጆች

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሥራዬ ኦዲተርነት ነው። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬ እስኪነሳ ድረስ የእናንተን ገጽ አነባለሁ። ይህን ልማድ ከያዝኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ባላንጣ ሳይሆን እንደ ቋሚ ደንበኛ ነው። ደንበኛ ደግሞ ሲከፋው ይናገራል።

የከፋኝ ነገር ይህ ነው። አንድ ኩባንያ ሽቅብ ሲወጣ ባለቤቱን ታነግሡታላችሁ። የወደቀ ዕለት ደግሞ ትሰቅሉታላችሁ። በመሃል «ገንዘቡ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጣለሁ። ሲወጣ የምትጽፉት ስለ ሰውዬው ነው፤ ስለ ራዕዩ፣ ስለ ልጅነቱ፣ በስንት ሰዓት ከእንቅልፉ እንደሚነሳ። ሲወድቅም ስለ ሰውዬው ነው፤ ስለ ቪላው፣ ስለ ጀልባው፣ ካቴና ስለገባበት እጁ። የሒሳብ መዝገቡ ሁለቱም ጊዜ የለም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ይቅርታ፣ ውሻ ያላችሁ ተረቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞ እኛ ኦዲተሮችም እዚያው ተረት ውስጥ አለን። ያውም ጅቡ ሲገባ በሩ ላይ ያንቀላፋነው እኛ ነን። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ድርጅት ኦዲት እንድናደርግ ተላክን። ስሙን አላነሳም፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የድርጅቱ አልነበረም። አለቃዬ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ድርጅት «ባንክ ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ አለኝ» ሲል ኦዲተሩ ቃሉን ብቻ አይቀበልም። ለባንኩ ይጽፋል። «የዚህ ደንበኛችሁ ቀሪ ሒሳብ በዚህ ቀን ስንት ነበር?» ይላል። ባንኩም መልሱን በቀጥታ ለኦዲተሩ ይልካል። በቃ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ናት። በኦዲት ውስጥ ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አይመስለኝም። ለጀማሪ የምትሰጠውም ለዚህ ነው።

ደብዳቤውን አስፈርሜ ልወጣ ስል የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ጥሩ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳይሰለች ፋይል ሲያወጣልኝ ነበር። «ወደ ባንክ እየሄድኩ ነው፤ አምጣው፣ አደርስልሃለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። በማግስቱ መልሱን በታሸገ ፖስታ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር እስከ ሳንቲሙ ልክ ነው። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ወሰድኩላቸው።

ወረቀቱን አላዩትም። ያዩት እኔን ነው። «ማን አመጣው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀይ እስክሪብቶ አነሱና ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙበት። «ይሄ የባንኩ መልስ አይደለም፤ የምንመረምረው ሰው ያመጣልን ወረቀት ነው» አሉ። ሌላ ደብዳቤ ጻፍን፤ በራሳችን እጅ ላክን። መልሱ ሲመጣ ቁጥሩ ያው ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ሐቀኛ ነበር። «አዩት? ልክ ነበር እኮ» ስላቸው እንኳ ፈገግ አላሉም። «ዛሬ ልክ ነው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህን ያወራሁት ትዝታ ለማካፈል አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ከተወራባቸው የኩባንያ ማጭበርበሮች መካከል በሦስቱ ውስጥ ይህችው አንድ ገጽ ወረቀት አለችበት።

የመጀመሪያው ፓርማላት ነው፤ የጣሊያኑ የወተት ኩባንያ። በብዙ አገር የሚሸጥ፣ የእግር ኳስ ክለብ ሳይቀር የነበረው ግዙፍ ድርጅት። ኬይማን ደሴቶች ውስጥ ባቋቋመው ቦንላት በሚባል ኩባንያ ስም ባንክ ኦፍ አሜሪካ ውስጥ 3.95 ቢሊዮን ዩሮ አለኝ ይል ነበር። ማረጋገጫ ደብዳቤም ነበረው። በዲሴምበር 2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባንኩ «እንዲህ ያለ ሒሳብ እኛ ጋ የለም» አለ። ደብዳቤው የባንኩን አርማ ከሌላ ወረቀት በስካነር ቀድቶ፣ እውነተኛ እንዲመስል በፋክስ አመላልሶ የተሠራ ነበር። ቢሊዮኖቹ የሚኖሩት ስካነሩ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ቦንዱን የገዙ ከ100,000 በላይ ተራ ጣሊያናውያን ቁጠባቸውን ይዘው ገደል ገቡ።

ሁለተኛው የሕንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ ሳትያም ነው። ስሙ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን «እውነት» ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። መሥራቹና ሊቀመንበሩ ራማሊንጋ ራጁ በጃንዋሪ 7 ቀን 2009 ለቦርዱ የኑዛዜ ደብዳቤ ጻፈ። መዝገቡ ላይ ካለው ጥሬ ገንዘብ ውስጥ ከ50 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የሚሆነው በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ ነው አለ። ነገሩን ሲገልጽም ነብር እንደ መጋለብ ነው ብሎታል፤ ሳይበላ እንዴት እንደሚወርድ አላወቀም። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ሲመረምር ምን አገኘ መሰላችሁ? ኦዲተሮቹ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤዎቹን በራሳቸው እጅ አልያዙም። ለኩባንያው ሰዎች ትተውላቸው ነበር። የእኔ ኮሪደር!

ከዚያ ኑዛዜ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሳትያም በመልካም የኩባንያ አስተዳደር ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱ ዜና ሆኖ ነበር። ስለ ሽልማት ወደ ኋላ ላይ አንድ ነገር እላለሁ።

ሦስተኛው የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ኩባንያ ዋየርካርድ ነው። በ2018 ኮሜርስባንክን የሚያክል ባንክ ከቦታው አስወጥቶ ከአገሪቱ 30 ትልልቅ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች ተርታ ገባ። በጁን 2020 ኦዲተሩ አልፈርምም አለ። 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ጠፍቷል። ገንዘቡ ፊሊፒንስ ውስጥ በሁለት ባንኮች ተቀምጧል ተብሎ ነበር። ባንኮቹ ሲጠየቁ «ወረቀቱ የውሸት ነው፤ ኩባንያው ደንበኛችን ሆኖ አያውቅም» አሉ። ኩባንያው በሳምንቱ ኪሳራ አወጀ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በዋየርካርድ ነገር ከእናንተ ሙያ የኮራሁበት ሰው አለ። የፋይናንሻል ታይምሱ ዳን መክረም ከ2015 ጀምሮ የኩባንያውን ሒሳብ ይጠይቅ ነበር። ሰውዬውን አይደለም፤ ሒሳቡን። የትኛው ገቢ ከየትኛው ደንበኛ መጣ፣ የሲንጋፖሩ ቢሮ ምን መዘገበ፣ እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር። ምን አተረፈ? የጀርመኑ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በፌብሩዋሪ 2019 የኩባንያው አክሲዮን ይወርዳል ብሎ መወራረድን ለሁለት ወር ከለከለ። ቀጥሎም በጋዜጠኞቹ ላይ የወንጀል ክስ እንዲመሠረት አቤት አለ። ብዙ ሰው ዘገባውን የአገር ኩራት በሆነ ኩባንያ ላይ የተሸረበ ሴራ አድርጎ አየው።

ኩባንያው ሲወድቅስ? ከአለቆቹ አንዱ ጃን ማርሳሌክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ፤ ስለላ፣ የግል አውሮፕላን፣ የውሸት ፓስፖርት። እኔም እያማረኝ አነበብኩት፣ አልዋሽም። ግን ስለ ሽሽቱ ያነበብኩት ስለ ባንኩ ደብዳቤ ካነበብኩት አሥር እጥፍ ሳይበልጥ አይቀርም። ነገ ተመሳሳይ ነገር ሊሠራ ያሰበ ሰው ስለላ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ወረቀት አድራሽ ነው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ምሳር መብዛቱ አይደለም የሚያናድደኝ። ግንዱን ከውስጥ የበላው ምን እንደሆነ ማንም ጎንበስ ብሎ አለማየቱ ነው። ምስጡ እኮ ወደ ጎረቤት ዛፍ ተሻግሯል።

«እኛ ምን አገባን፣ ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የቫንሲን ነገር አስታውሱ። ቫንሲ ትልቅ የፈረንሳይ የኮንስትራክሽን ኩባንያ ነው። በኖቬምበር 22 ቀን 2016 ለዜና ተቋማት አንድ መግለጫ ደረሰ። ኩባንያው በሒሳቡ ውስጥ ትልቅ ስህተት እንዳገኘና የፋይናንስ ኃላፊውን እንዳባረረ ይናገራል። የኩባንያው አርማ አለበት። ብሉምበርግ ወዲያው አወጣው። የቫንሲ አክሲዮን በደቂቃዎች ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ወረደ። መግለጫው የውሸት ነበር። የፋይናንስ ኃላፊውም ቢሮው ቁጭ ብሎ ሥራውን እየሠራ ነበር። የፈረንሳይ ገበያ ተቆጣጣሪ በ2019 ብሉምበርግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ቀነሰለት።

ይህ የፓርማላት ተቃራኒ ይመስላል። እዚያ የሌለ ገንዘብ አለ ተባለ፤ እዚህ የሌለ ወንጀል ተፈጠረ። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። አርማ ያለበት ወረቀት መጣ፤ ማን እንዳመጣው ሳይጠየቅ ተወሰደ። አንድ ስልክ ቢደወል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሰበር ዜና ጥድፊያ እና የኦዲተር ስንፍና የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የቫንሲው ሰው እንኳ ስሙ በሰዓታት ውስጥ ጠርቷል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ግን ይህ አልደረሰውም። የሄደበት ድርጅት በምዝበራ ሲጠረጠር ፎቶው ከሌሎች ጋር በአንድ ጋዜጣ ፊት ገጽ ወጣ። ወንጀሉ ያለው ከአለቆቹ ጋር እንደነበረ ተጣርቶ እሱ ነፃ ወጣ። ያንን የዘገቡት በውስጥ ገጽ ነው፤ በአራት መስመር፣ ያለ ፎቶ። ዛሬም ለሥራ ሲያመለክት ስሙን ፈልገው የሚያገኙት የመጀመሪያውን ነው።

ደግሞ የኔ ትንሽዬ ታሪክ አለች። አንድ ኩባንያ ዓመታዊ ውጤቱን ሊናገር ጋዜጠኞች ጠርቶ ነበር። እኔ የተገኘሁት በሌላ ጉዳይ ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለሁሉም አንጸባራቂ ፎልደር ታደለ። እኔም ደረሰኝ። ፎልደሩ ውስጥ የተዘጋጀ ዜና አለ። «ትርፋማነታችን» ለማለት «ትርፋማታችን» ተብሎ ተጽፏል፤ ተቻኩለው ነው መሰለኝ። ትርፉ 300 በመቶ አደገ ይላል። ከዜናው ሥር የሒሳብ መግለጫው ተያይዟል። ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አብዛኛው ትርፍ የመጣው አንድ ሕንፃ ከመሸጥ ነው። ዋናው ሥራ እንደውም ገንዘብ እየበላ ነበር። የተደበቀ ነገር የለም፤ በማስታወሻዎቹ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ ጋዜጠኛ ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁን «የስኬትዎ ምስጢር ምንድን ነው?» አላቸው።

በማግስቱ ሦስት የዜና ገጾች ከፈትኩ። በሦስቱም 300 በመቶ። በሦስቱም «ትርፋማታችን»።

ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ሳቁ አልጣፈጠኝም። ያንን ዜና አይቶ አክሲዮን የገዛ ሰው ይኖራል። ኩባንያው አልዋሸም። እናንተም አልዋሻችሁም። ፎልደሩን አላገላበጣችሁም እንጂ።

ሙስና ሲባል ሁላችንም ጉቦ ነው የሚታየን፤ ከጠረጴዛ ሥር የሚተላለፍ ፖስታ። እሱ አለ፣ ከባድም ነው። ሲመንስ በተለያዩ አገሮች ለሰጠው ጉቦ በ2008 ለአሜሪካና ለጀርመን በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ግን የኩባንያ ሙስና አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛ በላይ፣ በመብራት ሥር፣ በጭብጨባ ነው የሚሠራው። ካባ የደረባችሁለት ሰው ቦርዱ አይጠይቀውም፣ ባንኩ አይከለክለውም፣ ጀማሪ ኦዲተርም «ይሄ ሰው ሊዋሽ ነው እንዴ?» ብሎ ያፍራል። የፊት ገጽ ፎቶ ዋስትና ይሆናል። ዋሱ ግን እናንተ ናችሁ፤ ሳታውቁት ፈርማችኋል።

ቴራኖስ የሚባለውን የአሜሪካ የደም ምርመራ ኩባንያ የመሠረተችውን ኤልዛቤት ሆልምስን ተመልከቱ። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ምርመራ እሠራለሁ አለች። መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አወጧት። ስለ ጥቁር ሹራቧ የተጻፈው ብዛቱ! ፎርብስ በ2015 ሀብቷን 4.5 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ፤ በዓመቱ ዜሮ አደረገው። በመሃል የመጣው የዎል ስትሪት ጆርናሉ ጆን ካሪሩ ነበር። ጥያቄው አንድ ተራ የላቦራቶሪ ሠራተኛ የሚጠይቀው ዓይነት ነው፦ ምርመራውን የሚሠራው የትኛው ማሽን ነው? በኦክቶበር 2015 ያወጣው መልስ ኩባንያውን ናደው። በ2014 መጨረሻ ላይ በራሳቸው ማሽን ይሠሩ የነበሩት 15 ዓይነት ምርመራዎችን ብቻ ነው። ሌላውን ከሌሎች ኩባንያዎች በገዙት ማሽን ነበር የሚሠሩት። የጋዜጣው ባለቤት ሩፐርት መርዶክ በኩባንያዋ ውስጥ 125 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ ነበር። ዘገባውን አስቁምልኝ ብትለው እንቢ አላት። ገንዘቡ ጠፋ፤ ዘገባው ወጣ። እንዲህ ስትሆኑ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ስለዚህ ትችላላችሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሊኖር እንደሚችል ደግሞ ፎርቹን መጽሔት ምስክር ነው። የአሜሪካውን የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮንን «የአሜሪካ ቀዳሚ የፈጠራ ኩባንያ» እያለ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የጠራው እሱ ነው። በማርች 2001 ደግሞ የእሱው ባልደረባ ቤታኒ መክሊን «ኤንሮን ገንዘብ የሚያገኘው በትክክል እንዴት ነው?» የምትል ጥያቄ ይዛ ብቅ አለች። ሥራ አስፈፃሚው ጄፍሪ ስኪሊንግ በስልክ ሥነ ምግባር የሌላት አድርጎ ወረፋት። ፋይናንስ ኃላፊው አንድሪው ፋስቶው ከሌሎች ጋር ሆኖ ሊያነጋግራት ኒው ዮርክ ድረስ መጣ። እሷ እንደተናገረችው፣ ሊወጣ ሲል ስለ ኩባንያው የፈለገችውን እንድትጽፍ፣ እሱን ብቻ መጥፎ እንዳታስመስለው ለመናት። ኤንሮን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን ኪሳራ አወጀ።

የፋስቶውን ልመና ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ኩባንያው ቀፎ መሆኑን ያውቃል። የጨነቀው ግን የራሱ ምስል ነው። ከእናንተ የሚጠብቁት እሱን ነው ማለት ነው።

ሽልማት እንዳልኳችሁ፦ ይኸው ፋስቶው በ1999 ከአንድ የፋይናንስ ኃላፊዎች መጽሔት ሽልማት ወስዶ ነበር። «እገሌ ተሸለመ» የሚል ዜና ሲመጣላችሁ የሸለመው ማን እንደሆነ፣ ለዝግጅቱ የከፈለው ማን እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩበት። ተሸላሚው ራሱ ከፋይ ከሆነ ያ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ በሉት። የማስታወቂያ ገቢ እንጀራችሁ መሆኑን አውቃለሁ። እኛንም የሚከፍለን የምንመረምረው ድርጅት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሰባኪ የምሆንበት ፊት የለኝም። እኛ ግን ቢያንስ ከፋዩን በግልጽ እንጽፋለን።

የምለምናችሁ ሁሉንም ነገር እንድትመረምሩ አይደለም። ጊዜም ሰውም እንደሌላችሁ ይገባኛል። ዓመታዊ ሪፖርት ሲመጣ ትርፉን ካያችሁ በኋላ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ገጽ ግለጡ። ትርፍ በየዓመቱ እየሰባ ገንዘቡ ግን ወደ ቤት ካልገባ፣ እዚያ ጋ ቁሙ። ኦዲተሩ ማን እንደሆነ ጻፉ፤ እኛም ስማችን ሲጠራ እንነቃለን። ጠይቃችሁ መልስ ከተከለከላችሁ መከልከላችሁን ዘግቡ። ኩባንያው ከወደቀ በኋላ ደግሞ ካሜራው ሲሄድ አንድ ሰው ይቅር። ፍርዱ ምን ሆነ፣ ባለአክሲዮኑ ስንት ተመለሰለት፣ የፈረመው ኦዲተር ዛሬ የት ይሠራል? ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ግን ጠይቁ።

ቁጥሩ ግራ ከገባችሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይቀልልኛል። ስለ ደንበኞቼ አንድም ቃል አታገኙም። የሒሳብ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ ግን ቁጭ ብዬ አሳያለሁ፤ ክፍያ የለውም። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ

ማስታወሻ፦ ይህን ከመላኬ በፊት ከሦስቱ ገጾች አንዱን ከፍቼ አየሁት። «ትርፋማታችን» አሁንም እዚያው አለ።